የኦፕሬተሩን ዓይን ፈልግ

አጎቴ በቅሎውን ሊጭን በተነሣ ቁጥር ከሩቅ ጀምሮ ያናግራት ነበር። «ዳማ፣ መጣሁ እኮ! መጣሁልሽ!» እያለ በጎን በኩል ይዞራል። ጆሮዋን አቁማ ፊቷን ወደ እሱ ስትመልስ ነው እጁን አንገቷ ላይ የሚያሳርፈው። በልጅነቴ ነገሩ የፍቅር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የጨርቅ ኳሴ ተንከባልላ በጀርባዋ በኩል ስታልፍ ተከትያት ሮጥኩ። አጎቴ በሽመሉ ደረቴ ላይ ገትቶ አቆመኝና «ሳታይህ አትቅረባት! መጀመሪያ ድምፅህን ስጣት፣ ከዚያ ዓይኗ ውስጥ ግባ፣ ከዚያ ትቀርባለህ» አለኝ። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ከበቅሎ ኋላ ቆሜ አላውቅም።

በጎጃም ደጋ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም። የሚዋጋ በሬ ሲመጣ አጥር ይይዛል። አውድማ ላይ በሬዎቹ እየዞሩ ሲያበራዩ ፊታቸው አይደነቀርም። ጅራፍ ከሚያጮኸው አራሽ ጀርባ ተለጥፎ አይሄድም። ከእኛ የሚበልጥ ጉልበት ካለው ፍጥረት አጠገብ እንዴት እንደሚኖር አባቶቻችን አስተምረውናል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቀ ያደገ ልጅ መንገድ ሥራ ላይ ተቀጥሮ፣ ሞተሩ በሚያጓራ ግሬደር ኋላ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲለቅም ሳየው ልቤ ይደነግጣል። በቅሎዋ እንኳ ከመራገጧ በፊት ጆሮዋን ታጥፋለች፣ ጭራዋን ታወናጭፋለች። ግሬደሩ ምልክት አይሰጥም። አይቆጣም፣ አይደነግጥም፣ አያዝንም። ያለው ዓይን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ሰው ዓይን።

አምበር የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደጀን ተነሥቶ በሉማሜ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው አስፋልት በመሐሏ ያልፋል። በክረምት ዋልካው ማሽን አያስገባም። መስቀል አልፎ መሬቱ ጠንከር ሲል ግን ሥራው ይጀመራል፤ የቀበሌ መንገድ ጠጠር ይለብሳል፣ ቦይ ይቆፈራል፣ የሕንፃ መሠረት ይወጣል። ሎደሩ፣ ሮለሩ፣ ገልባጩ ሲመጣ የቀን ሥራ የሚፈልግ ወጣትም አካፋውን ይዞ ይከተላል። ይህን የምጽፈው ለዚያ ወጣት ነው። ለአንተ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስምህን ሰዓት ተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ላስጻፍከው። ለአንቺም፣ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ ይዘሽ ፀሐይ ላይ ለምትውዪው። ሥራችሁ ክቡር ነው። ገበሬውን ከገበያ፣ ወላዷን ከጤና ጣቢያ የሚያገናኝ ሥራ ነው። ማታ ደግሞ በሁለት እግራችሁ ቤት ልትገቡበት ትችላላችሁ፤ በዚህ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

እስቲ በመጀመሪያ ስለ ብረቱ እናውራ።

መካከለኛ የሚባለው እስካቫተር 20 ቶን ገደማ ይመዝናል። በእኛ አቆጣጠር 200 ኩንታል ነው። 200 ኩንታል ጤፍ ተቆልሎ፣ ከሥሩ የብረት ሰንሰለት ገብቶለት ሲንቀሳቀስ አስበው። ገልባጭ መኪና ደግሞ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ «ቀስ ብሎ ነው» እንላለን፤ በዚያ ፍጥነት ግን በአንድ ሰከንድ ከ5 ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። «ምን አልከኝ?» ብለህ ዞር እስክትል የነበረው ርቀት አለቀ። ሾፌሩ ፍሬን ቢይዝ እንኳ ጠጠር ላይ ያለ፣ ጭነት የተሸከመ መኪና ባለበት አይቆምም።

ከክብደቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ አለማየቱ ነው። የሎደር ኦፕሬተር አካፋውን ከፍ ሲያደርግ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር በራሱ አካፋ ይጋረዳል። የግሬደር ኋላ ሞተሩ የተቀመጠበት ሰፊ ብረት ነው፤ እዚያ ሥር ጎንበስ ያለ ሰው ለኦፕሬተሩ የለም ማለት ነው። ገልባጭ ስፖኪዮ አለው፤ ስፖኪዮው ግን ጎኑን እንጂ ጀርባውን አያሳይም። የእስካቫተር ኦፕሬተር በግራ በኩል ስለሚቀመጥ ቀኙን የማሽኑ ክንድ ይሸፍንበታል። በዚያ ላይ እስካቫተር ሲዞር ከኋላው ያለውም ይዞራል፤ የክንዱን ክብደት እንዲያመጣጥን የተጫነው ያ ወፍራም ብረት። በዚያ ብረትና በተቆፈረው አፈር ግድግዳ መካከል ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ሰው አይቻለሁ። ሎደርና ግሬደር ደግሞ ወገባቸው ላይ ይታጠፋሉ፤ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ሰው የሚያስገባው ክፍተት መሪው ሲዞር እጅ አያስገባም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኑ ሲጠፋ ኦፕሬተሩን አስፈቅደህ ጋቢና ውስጥ ተቀመጥ። ጓደኛህ በእግሩ ማሽኑን ቀስ እያለ ይዙረው። የት ላይ ከዓይንህ እንደ ጠፋ፣ የት ላይ ቆቡ ብቻ እንደ ታየህ፣ የት ላይ ተመልሶ እንደ መጣ ልብ በል። ከዚያ ተለዋወጡ፤ እሱ ይቀመጥ፣ አንተ ዙር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያች ምሳ በኋላ ማሽን አጠገብ ስትደርስ በአእምሮህ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ይሆናል። ድሮ «ማሽኑ የት አለ?» ትል ነበር፤ አሁን «ያየኛል ወይ?» ትላለህ።

እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ ቅጽበት ነው። ትምህርት ጨርሼ ሥራ በምፈልግበት ዓመት አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ለቀያሽ ሜትር ያዥ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ኅዳር ነበር፤ ማለዳው ይበርዳል፣ ፀሐይ ስትወጣ አቧራው ይነሣል። ቀያሹ የተከላቸውን ችካሎች እየተከተልኩ የወደቀውን አቃናለሁ። ከፊቴ ግሬደር ጠጠር እየደለደለ ይሄዳል። እየራቀኝ ሲሄድ አየሁትና ያው ሄደ ብዬ ጎንበስ አልኩ። የግሬደር ሥራ ግን መመላለስ ነው። የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚጮኸው መሣሪያ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ አንድም ሰው አልተናገረም። ከዚያ የሰማሁት የሴት ጩኸት ነው። ቀና ስል ጎማው ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሟል።

ያስቆመችው ባንዲራ ያዥዋ ነበረች፤ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ የልጆች እናት። ወደ እኔ አልመጣችም። ወደ ግሬደሩ ፊት ለፊት ሮጣ ቀዩን ባንዲራ በሁለት እጇ ዘርግታ ኦፕሬተሩ ፊት ቆመች። እግሬ መንቀጥቀጡን ሲተው፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ «እታለም፣ ለምን ወደ እኔ አልሮጥሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ልጎትትህ ብመጣ ሁለት ሆነን ነበር የምንቀረው» አለችኝ። «ስሙን ብጠራው ሞተሩ ይበልጠኛል። እኔ ዓይኑን ፈለግሁ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራ ላይ ደኅንነት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህች ዐረፍተ ነገር የሚበልጥ አላገኘሁም። በጀርባው ያለውን ሰው ለማዳን ከፊቱ ሮጠች። ማሽን የሚቆመው ኦፕሬተሩ ሲያይ ብቻ መሆኑን ስለምታውቅ ነው።

ግን ወደዚያ የተበላሸ መሣሪያ ልመለስ፤ ከግሬደሩ ይልቅ እሱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ለምን አልተናገርንም? እኔ አዲስ ነበርኩ፤ «ገና ሳይመጣ ማሽን ይቆጣጠራል» እንዳልባል ፈራሁ። ረዳቱ ኦፕሬተሩን ማስቀየም አልፈለገም። ኦፕሬተሩ ፎርማኑን ማስቸገር አልፈለገም። ፎርማኑ ሥራው እንዳይቆም ፈለገ። ሁሉም ጨዋ ሰው ነበር። በጨዋነት ተደጋግፈን ሰው ልንገድል ነበር።

ይሉኝታ በአገራችን ደግ ነገር ነው። እንግዳን ጦሙን አያሳድርም፤ ሽማግሌ ቆሞ ወጣት እንዲቀመጥ አይፈቅድም። ማሽን አጠገብ ግን ቦታ የለውም። ኦፕሬተሩ እንዳያፍር ብለህ የዋጥከው ቃል፣ ፎርማኑ እንዳይቆጣ ብለህ የተውከው ጥያቄ፣ ጓደኞችህ እንዳይስቁ ብለህ ያላደረግከው ቆብ የሚያስከፍሉት ዋጋ አንድ ነው። እኛ ጎበዝ የሚለውን ቃል የምንወድ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ጎበዝ ማን እንደሆነ በደንብ እንነጋገር። በሚሄድ ገልባጭ ፊት ሮጦ የሚያቋርጥ ልጅ ሯጭ ነው። ጎበዝ የምለው አርባ ሰው እያየው እጁን ከፍ አድርጎ «ቁም፣ አላየኸኝም!» ብሎ 200 ኩንታል ብረት የሚያስቆመውን የቀን ሠራተኛ ነው። ያ ልጅ ደመወዙ ከሁሉ ቢያንስም በዚያች ደቂቃ የሥራው አዛዥ እሱ ነው። አንተም ትችላለህ። እጅህን ለማንሣት የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም።

ከአምበር ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ደጀንን አልፈህ የዓባይ በረሃ ትወርዳለህ፤ ታች ስትደርስ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ይቀበልሃል። በ2000 ዓ.ም ማብቂያ የተመረቀው ይህ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ፣ ካጂማ በተባለ የጃፓን ተቋራጭ የተሠራ ነው። ስንሻገረው ገመዱንና ምሰሶውን እናደንቃለን፤ ይገባልም። እኔ ግን ከዚያ አገር ሠራተኞች አንድ ሌላ ነገር ብንወስድ ደስ ይለኛል፤ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ጃፓኖች «ሺሳ ካንኮ» ይሉታል። በጣት መጠቆምና ጮክ ብሎ መናገር ማለት ነው። የተጀመረው በባቡር ሠራተኞች ዘንድ ነው፤ ከዚያ ወደ ፋብሪካውና ወደ ግንባታው ገባ። የባቡር ነጂው መብራቱን አይቶ ዝም አይልም፤ ክንዱን ዘርግቶ ይጠቁመውና «መብራቱ አረንጓዴ ነው!» ይላል፤ ጋቢናው ውስጥ ብቻውን ቢሆንም። እ.ኤ.አ. በ1994 የጃፓን የባቡር ቴክኒክ ምርምር ተቋም ይህን በሙከራ ፈተነው። ሰዎች ዝም ብለው ሲሠሩ ከ100 ድርጊት 2.38 ያህል ስሕተት ሠሩ፤ እየጠቆሙ ጮክ ብለው ሲናገሩ ግን ስሕተቱ ወደ 0.38 ወረደ። የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ሠራተኞችም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በየጣቢያው ባቡሩ በትክክለኛው ቦታ መቆሙን በጣታቸው እየጠቆሙ ያረጋግጣሉ።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ለምደኸው የምትሠራው ነገር ላይ ዓይንህ እያየ ልብህ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ የቤት ኪራይ፣ የታመመች እናት፣ ትናንት የሰማኸው ወሬ። ክንድህ ሲዘረጋ፣ አፍህ ሲናገር፣ ጆሮህ የራስህን ድምፅ ሲሰማ ልብህ ተመልሶ ይመጣል። የእኛ ገበሬስ ከበሬዎቹ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲያወራ የሚውለው ለምን ይመስልሃል? ረዳቱስ መኪናውን ወደ ኋላ ሲመራ «ና! ና! ና! በቃ!» የሚለው? ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ረዳቱ ለመኪናው የሚያደርገውን አንተ ለራስህ ታደርገዋለህ።

እንዲህ ሞክረው። ማሽን አጠገብ ልታልፍ ስትል ቁም። በጣትህ ጎማውን ወይም ሰንሰለቱን ጠቁመህ «ቆሟል!» በል። ኦፕሬተሩን ጠቁመህ «አይቶኛል!» በል፤ ይህን የምትለው እሱ በእጁ ወይም በራሱ ምልክት ሲመልስልህ ብቻ ነው። የምትሄድበትን መሬት ጠቁመህ «ነጻ ነው!» በል። ከዚያ እለፍ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አታልፍም፤ ምንም ያህል ቢያጣድፉህ። የመጀመሪያ ቀን ይሳቅብሃል። በሦስተኛው ቀን ሳቁ ይሰለቻቸዋል። ሳምንቱ ሳያልቅ ከሳቁት አንዱ ማንም የማያየው መስሎት ጣቱን ሲዘረጋ ታየዋለህ፤ ያኔ አትሳቅበት፣ በርታ በለው።

ጃፓኖቹ ሌላም ልማድ አላቸው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ክብ ሠርተው ቆመው «ዛሬ እዚህ ቦታ ምን አደጋ ሊመጣ ይችላል?» ብለው ይጠያየቃሉ። እኛ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለን በአንድ ተረት የጨረስነውን እነሱ በየማለዳው ይሠሩታል። አምበር ላይ ቢጠየቅ መልሱ ከማንም መጽሐፍ አይገኝም። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚወርደው ጉም ማለዳ ላይ ማሽኑንም ሰውንም ይሸፍናል፤ እንግዲያው ጉሙ እስኪገፈፍ የሚጠበቅ ሥራ የትኛው ነው? ዋልካ ከላይ ደርቆ ከሥሩ እርጥብ ይሆናል፤ የጫነ ገልባጭ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ሲወጣ መሬቱ ሊከዳውና ጎኑን ሊጥለው ይችላል፤ እንግዲያው በዚያ ጎን ማን ቆሟል? የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ገልባጩ ሳጥኑን ሲያነሣ ማን ወደ ላይ ያያል? የትምህርት ቤት ልጆች በስንት ሰዓት ነው የሚያልፉት? ይህን የሚያውቀው ያካባቢው ልጅ ነው። ክቡ ውስጥ ቆመህ ስትናገር ከመሐንዲሱ የበለጠ የምታውቀው ነገር አለህ።

ስለ ጋቢም ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። ማለዳው ስለሚበርድ ጋቢ ወይም ፎጣ አንገታችን ላይ ጠምጥመን ሥራ እንጀምራለን። የሚሽከረከር ነገር፣ የኮንክሪት መቀላቀያም ይሁን የውኃ ፓምፕ፣ የጨርቅ ጫፍ ካገኘ ባለቤቱን ይዞ ይዞራል። ሹራብ ከውስጥ ልበስ፤ ከላይ የሚንጠለጠል ነገር አይኑር። አቧራ የለበሰ ጋቢ ደግሞ መልኩ አፈር ነው፤ ኦፕሬተሩ ከአፈሩ ሊለይህ አይችልም። ያቺ የምታንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ ሙቀት ባትሰጥህም ከአፈሩ ትለይሃለች። ካልሰጡህ ጠይቅ። ጠይቀህ እስኪመጣ ድረስ ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ ምረጥ።

ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይከብዳል፤ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ጥላ ያለው ከቆመ ማሽን ሥር ብቻ ይመስላል። እባክህን እዚያ አትተኛ። ኦፕሬተሩ ከምሳ ሲመለስ ጎማው ሥር ሰው ይኖራል ብሎ አያስብም። የሎደር አካፋ ላይ ተሳፍሮ መሄድም፣ የገልባጭ ጎን ላይ መንጠልጠልም እንደዚያው ነው፤ ወንበር የሌለው ቦታ ለሰው አልተሠራም። ለአንድ ኪሎ ሜትር ተብሎ ሕይወት አይያዝም።

ወንድሜ ኦፕሬተር፣ አንተንም አልረሳሁህም። የምትይዘው ሙያ ትልቅ ነው። የቀድሞው አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለምገና ማሠልጠኛው ያፈራቸው ኦፕሬተሮችና መካኒኮች ገደል ጠርበው አገር ያገናኙ ሰዎች ናቸው፤ አንተ የእነሱ ተተኪ ነህ። ከመነሣትህ በፊት ማሽኑን በእግርህ አንድ ጊዜ ዙረው፤ ከሥሩ ጎንበስ ብለህ እይ። ብዙ የማዕድን ሥራ ቦታዎች አንድ ጥሩምባ ለመነሣት፣ ሁለት ወደ ፊት ለመሄድ፣ ሦስት ወደ ኋላ ለመመለስ ብለው ይስማማሉ፤ እናንተም ከቡድናችሁ ጋር እንዲህ መስማማት ትችላላችሁ። ከነፋህ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ፤ የሰማው ሰው ዞር የሚልበት ጊዜ ስጠው። የሚመራህን ሰው ከስፖኪዮህ ካጣኸው ወዲያውኑ ቁም። ስታቆም አካፋውን መሬት አስነካ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት፤ ተዳፋት ላይ ከሆንክ ጎማውን በድንጋይ አስደግፍ። አንድ የቀን ሠራተኛ እጁን አንሥቶ ሲያስቆምህ ደግሞ አትቆጣው። አውቆ ነው ያቆመህ። አመስግነው፤ ያ ምስጋናህ ነገ ሌላውን ያናግረዋል።

የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚጮኸው «ጲጵ ጲጵ» ድምፅም ታሪክ አለው። የፈለሰፈው ማትሱሳቡሮ ያማጉቺ የተባለ ጃፓናዊ ነው፤ መመረት የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በአሜሪካ የግንባታ ደኅንነት ደንብ የኋላው የማይታየው ተሽከርካሪ ከዙሪያው ጫጫታ በላይ የሚሰማ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሌለው፣ የሚመራው ሰው ሳይኖር ወደ ኋላ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ድምፁ ስለሰለቸህ ሽቦውን እንዳትቆርጠው። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ጆሮ እንደሚለምደው አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው ድምፁ ብቻ የማይበቃውና የሚመራ ሰው የሚያስፈልገው።

ፎርማንና ተቋራጭ የሆናችሁ ጋሼዎቼ፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው፤ ሕጉ ብሎታልና። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 ሠራተኛው ስለሚሠራው ሥራ አደጋ እንዲማርና የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጠው፣ የደኅንነት ኃላፊ እንዲመደብ፣ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲቋቋም በአሠሪው ላይ ግዴታ ጥሏል። በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን መከላከያ እንዲጠቀም፣ ጉድለት ሲያይ እንዲያሳውቅ ያዛል። በአንቀጽ 32 ለደኅንነቱ የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው ተነግሮት እያወቀ በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ ይችላል። ከወረቀቱ ይልቅ ግን አንድ ቀላል ሥራ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰው የሚሄድበትንና ማሽን የሚሄድበትን መንገድ መለየት። በገመድ፣ በድንጋይ ረድፍ፣ በኖራ መስመር፣ በቻላችሁት። ገልባጩ ወደ ኋላ ሳይሄድ ዞሮ የሚወጣበት ቦታ ቢዘጋጅለት ደግሞ ከአደጋው ትልቁ ክፍል ከመፈጠሩ በፊት ይጠፋል። ባንዲራ ያዡን በየሁለት ሰዓቱ ቀይሩት። ለስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ክፍት ቢሆንም አያይም።

አንተ ግን ይህ ሁሉ እስኪሟላ አትጠብቅ። ገመዱ ነገ ላይመጣ ይችላል፤ ሰደርያውም። እጅህና ድምፅህ ግን ዛሬም አሉ። የተበላሸውን መሣሪያ ዛሬ ተናገር። ለፎርማኑ ብቻህን መናገር ከከበደህ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ በእኛ አገር ትልቅ ነገር ሲኖር ሽማግሌ ይላካል አይደል? «ጋሼ፣ የሎደሩ ጥሩምባ አይሠራም፤ ሰው ሊጎዳ ነው» ማለት ስድብ አይደለም። እኔ ያን ኅዳር ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ያቺ እናት ነፍሷን አስይዛ ግሬደር ፊት ባልሮጠች ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ እሸከመዋለሁ፤ አንተ እንዳትሸከመው ነው የምጽፍልህ።

አጎቴ አሁን አርጅቷል። በቅሎዋም የለችም። ባለፈው ልጠይቀው ሄጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ በሩቅ መንገድ የሚደለድል ሮለር ይታያል። ዓይኑ ደክሟልና «ማን ነው የሚጋልበው?» አለኝ። ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ጥያቄው ልክ መሆኑ ገባኝ፤ እሱ ከብረቱ በፊት የጠየቀው ስለ ሰውየው ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መዝገቡ ላይ ስምህ ከተጻፈ በኋላ፣ አካፋህን ከማንሣትህ በፊት፣ ወደ ማሽኑ በጎን በኩል ሂድ። ኦፕሬተሩ እስኪያይህ ቆመህ ጠብቅ። ሰላም በለው። ስሙን ጠይቀው፣ ስምህን ንገረው፤ ዛሬ የምትሠራበትንም ቦታ በጣትህ አሳየው።